የባኮዋ ግራኝ

ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የወደደኝ በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቦታው ባኮ። ለምን እንደወደዱኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። አሁን ሃያ ልደፍን ነው፤ አምቦ ገበያ ጎመን እሸጣለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ስለዚህ እንደ ተማረ ሰው አሳምሬ ባላወራላችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ቅር ካላችሁም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ አዳዳ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የአባት እኅት አዳዳ ትባላለች፤ የእኔዋ ስሟ ዘርትሁን ነው። አባቴን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፣ እናቴ ዓረብ አገር ናት፣ ያሳደገችኝ አዳዳ ናት። ጥቅል ጎመን ትሸጥ ነበር። ኦቦ ፉፋ የሚባሉ ሾፌር ከጉደር ማዶ በአይሱዙ ጎመን ጭነው ሲመጡ አዳዳ ጭነቱ ላይ ትወጣና ወደ ታች ወደ እኔ ትወረውራለች። እኔ እየተቀበልኩ እደረድራለሁ። «ያዢ» የሚባል ነገር የለም። ከሰው ጋር እያወራች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴም ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ትወረውረዋለች።

«አዳዳ፣ ሳትነግሪኝ አትወርውሪ!» እላለሁ።

«ጎመን ተናግሮ ይመጣል እንዴ? እጄን ምን ያሳይሻል? ትከሻዬን እዪ። እጄ ያታልልሻል፣ ትከሻዬ ግን አስቀድሞ ይናገራል።»

ደግሞ ጎመን ሲመጣ አጥብቀሽ ከያዝሽው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ጎመን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ማታ እኛው ነን የምንበላው። ስለዚህ እጅሽን አብረሽው ወደ ታች ታወርጂዋለሽ፣ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደምታስቀምጪ። ይኼን የተማርኩት የተሰነጠቀ ጎመን ሲሰለቸኝ ነው።

አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ቲቸር ለሊሳ ጎመን ሊገዛ መጣ። እኔ እየተቀበልኩ ነበር። ቆሞ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ጎመኑን ረስቶ «ነገ ከሰዓት ሜዳ ነይ» አለኝ። አዳዳ ከመኪናው ላይ ሆና «ልጄን ከመረጥክ ጎመኑንም ምረጥ እንጂ!» ስትለው ገበያው ሁሉ ሳቀ።

የመረብ ኳስ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ረጃጅም ነበሩ። በጣም ረጅሟ ካፒቴኗ ደራርቱ ናት፤ ኳስ ስትመታ የአካባቢው ውሻ ይጮኻል። እኔን ገና እንዳየችኝ «ይቺን ጥቅል ጎመን ማን ጣላት?» አለች። ከዚያ በኋላ ስሜ ጎመን ሆኖ ቀረ።

ማሊያ ሲታደል ለሁሉም ቀይ፣ ለእኔ ቢጫ ደረሰኝ። ያውም የወንዶቹ እግር ኳስ በረኛ የለበሰው ነው፤ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል፣ ጫፉ ጉልበቴ ላይ ይደርሳል።

«ሶረቲ ሊቤሮ ናት» አለ ቲቸር። «ሊቤሮ ሰርቭ አያደርግም፣ ከመረቡ ጥግ ሆኖ አይመታም፣ ብሎክ አይዘልም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ኋላ ቆሞ ይቀበላል። ኳስ መሬት እንዳይነካ ያደርጋል።»

ደራርቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቀዩ አልቆ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። አመንኳት። ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ልጅ ለብቻው እንደሚቀመጠው እኔም ለብቻዬ ቢጫ የለበስኩት ስለማልረባ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሊቤሮ የሚለብሰው በዓለም ሁሉ የተለየ ቀለም መሆኑን ማን ይንገረኝ? ዳኛው ለይቶ እንዲያየው ነው አሉ። ይኼን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ በቴሌቪዥን ነው።

ከዚያ በ2011 ለዞኑ ውድድር ባኮ እንሄዳለን ተባለ። በምንሄድበት ጠዋት አዳዳ ሆዷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጀመራት ሰንብቷል። «ጨጓራ ነው፤ የአምቦ ውሃ ጠጥቼበታለሁ» ትላለች። አምቦ ውስጥ ማንም ሆዱን ሲያመው መድኃኒቱ እሱ ነው። እኔም ጨጓራ ነው ብዬ ተውኩት። ኦቦ ፉፋ ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቁ ነበር።

«ከባኮ ማንጎ አምጪልኝ» አለችኝ። «ጠንከር ያለውን ነው፤ የበሰለው መንገድ ላይ ይፈርጥብሻል። ደግሞ ስትመለሺ ያን ኳስ እንዴት እንደምትቀበዪ ታሳዪኛለሽ።»

«ደራርቱ አትችዪም ትለኛለች።»

«ደራርቱ ጎመን ተቀብላ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ዝም በያት።»

ባኮ ሙቀት ነው። ከአምቦ ብርድ ወርደን ስንደርስ ምድጃ አፍ ላይ የቆምን መሰለን። ዙሪያው በቆሎ፣ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና፣ ጥላ ባለበት ሁሉ ማንጎ የዘረጉ ሴቶች። ያደርነው አንድ ክፍል ውስጥ ዴስክ ገፍተን፣ ፍራሽ አንጥፈን ነው። የሚጠብቁን እትዬ እንግዳወርቅ ነበሩ፤ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ከጃንጥላቸው ተለይተው አያውቁም፤ በጃንጥላቸው ጥላም ያጠላሉ፣ ረባሽም ይመታሉ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከእጃጂ ልጆች ጋር ነበር። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ስትመጣም ጨፈንኩ።

«አንቺ ጎመን፣ ልትተኚ ነው የመጣሽው?» ደራርቱ ጮኸችብኝ። «ዓይንሽን ግለጪ!»

ቲቸር አስወጣኝና ቢጫውን ማሊያ አስወልቆ ለዶርቃስ ሰጣት። ዶርቃስ ጸጥ ያለች ልጅ ናት፤ ይቅርታ እየጠየቀች ለበሰችው። አሸነፍን። ያናደደኝ እሱ ነው። ብንሸነፍ ኖሮ ትንሽ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ምሽት ላይ ቲቸር «ነገ ከባኮ ጋር ነን፤ ማሊያውን ማን እንደሚለብስ ጠዋት እነግራችኋለሁ» አለ። እኔ ማንጎዬን በፌስታል ቋጥሬ ራስጌዬ አስቀምጬ ተኛሁ። ማሊያውን ካልለበስኩ ለአዳዳ ምን አሳያታለሁ? አፍንጫዬን?

ጠዋት ከክፍሉ ጀርባ ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ የቲቸር ለሊሳ ስልክ ሲጮኽ ሰማሁ። እሱ ከማዕዘኑ ወዲያ ነው፣ አያየኝም።

«አቤት… እሺ… ዋቃዮ!» አለ። አምላኬ ማለቱ ነው። «አይ፣ እዚህ ናት። አልሰማችም።»

እትዬ እንግዳወርቅ መጡ። «ምነው ለሊሳ፣ ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መሰለ።» ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። ምን እንዳላቸው አልደረሰኝም። የእሳቸው ድምፅ ግን ደረሰኝ።

«ማን ሊነግራት ነው?»

«እኔ አልችልም እትዬ። እኔ እንዴት ብዬ?»

«እዚህማ አይሆንም! ሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት? ቤቷ ትግባ፣ በወጉ ይነገራታል። ልጆቹንም ንገራቸውና አፋቸውን ይያዙ።»

«ከሰው ብትሰማስ? ስንት የአምቦ ሰው አለ እዚህ።»

«አናስጠጋም!» አሉ እትዬ። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ሲመቱ ሰማሁ።

ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። ከቡድኑ ተባርሬያለሁ። እዚህ ከነገሩኝ ባኮን በለቅሶ ስለማናውጠው አምቦ እስክንደርስ ሊደብቁኝ ነው። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ፤ አፌን እንደዚህ የሚፈሩት አይመስለኝም ነበር።

አዳዳ ያን ሌሊት ሞታ ነበር። በቃ፤ አሁን ነገርኳችሁ። ለእኔ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ መርዶን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው፤ ቦታው ካልደረሰ ከእጁ አያወርደውም።

ፊቴን ታጥቤ ስገባ ቅድም የሚንጫጩት ልጆች አንዷ ካልሲ ታጥፋለች፣ አንዷ የታጠፈውን ትፈታለች። ደራርቱ ከፍራሿ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ልትመታኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ሶረቲ» አለችኝ።

ስሜን የምታውቀው አይመስለኝም ነበር።

«ነይ፣ ጸጉርሽን ልሥራልሽ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ነይ።»

ሠራችልኝ። አንዱን ሹሩባ ሁለት ጊዜ ፈትታ ሠራችው። ከዚያ የራሷን የቁርስ እንቁላል ልጣ ሰጠችኝ። ዶርቃስ ቂጣዋን አካፈለችኝ። አንዷ ሻዬ ላይ ሳልጠይቃት ስኳር ጨመረችልኝ።

«ደራርቱ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

«ጎመን በዪኝ እንጂ።»

«አልልሽም።»

«ለምን?»

ፊቷን አዞረች። እኔም ግራ ገባኝ። በግ ሊታረድ ሲል እንደሚደረግለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሊያባርሩኝ ስለሆነ ያባብሉኛል። እንቁላሉን ግን አልመለስኩም።

ከዚያ ደግሞ የበለጠ የሚያደናግር ነገር መጣ። ቲቸር ለሊሳ ቢጫውን ማሊያ ይዞ መጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ዶርቃስስ?»

«አንቺ ነሽ አልኩሽ። ከሜዳ አትወጪም። የግድ ስትወጪ ከእኔ ጎን ነሽ፤ ማንም ቢጠራሽ አትሄጂም። ሰማሽ?»

አንድን ሰው አባርረው ማሊያ ይሰጡታል? ሳወጣ ሳወርድ መጨረሻ ላይ ገባኝ፤ ፈተና ነው። ዛሬ ከቻልኩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፤ ካልቻልኩ አምቦ ስንደርስ በወጉ ይነገረኛል። እንግዲህ ዓይን መጨፈን የሚባል ነገር የለም።

ቲቸር ማሊያውን ለምን እንደሰጠኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። «ወንበር ላይ ብትቀመጪ አንዱ መጥቶ ‹አይዞሽ› ይልሽ ነበር» አለኝ። «ሜዳ ውስጥ ያለን ልጅ ማንም ሊያናግር አይችልም። ሌላ መደበቂያ አጣሁልሽ።»

ሜዳው ዙሪያውን ሰው ከቦታል። የባኮ ልጆች ውስጥ አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ ነበረች፤ ፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ በግራዋ የምትመታ። ሕዝቡ «ግራኝ! ግራኝ!» ሲል መሬቱ ይነቃነቃል። የመጀመሪያው ኳሷ ክንዴን ጠርቦት ወደ ማንጎ ሻጮቹ ሄደ። ሁለተኛው በየት በኩል እንዳለፈ አላየሁም። በግራዋ ስለምትመታ ሁሉም ነገር ከተቃራኒው ይመጣል፤ እጇን አይቼ ወደ ቀኝ ስሄድ ኳሱ በግራዬ ነው።

ደራርቱን ዞሬ አየኋት፤ ስድብ እየጠበቅሁ ነው።

«አይዞሽ ሶረቲ» አለች። «ጃባዱ!»

በርቺ ማለት ነው። ስድቡ ይሻለኝ ነበር፤ ስድቡን እኮ ለምጄዋለሁ።

ያኔ የአዳዳ ድምፅ መጣብኝ። እጄን ምን ያሳይሻል? ግራኝ ስትዘል እጇን ማየት ትቼ ትከሻዋን አየሁ። የግራ ትከሻዋ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አቤት፣ የአዳዳ ትከሻ ነው እኮ! ወደ ጥጉ ነው የምትወረውረው። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ክንዶቼን ዝቅ አድርጌ፣ ኳሱ ሲያርፍብኝ አብሬው ወደ ታች ወረድኩ፣ እንዳይሰነጠቅ። ድምፅ እንኳን አላሰማም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ መረቡ ሥር ወዳለችው ልጅ ሄደ፤ እሷ ለደራርቱ አነሳችላት፤ ደራርቱ መታችው። ነጥብ!

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አላስታውስም። የማስታውሰው ጸጥታውን ነው። ሕዝቡ ይጮኻል፣ እኔ ግን ከአንድ ትከሻ በቀር ሌላ ነገር አይታየኝም። ጉልበቴ ተላጠ፣ የበረኛው ማሊያ አፈር ቃመ። ግራኝ ትመታለች፣ እኔ አነሳለሁ። አንዴ ኳሱን ካነሳሁባት በኋላ በመረቡ ውስጥ አፍጥጣ አየችኝና «ከየት ነው የመጣሽው አንቺ?» አለችኝ። «ከጎመን ተራ» አልኳት። በተከታዩ ልትገድለኝ ነው የመታችው። አነሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ያ ትልቅ ማሊያ የዚያን ቀን ልኬ ሆነ።

ሊቤሮ ፊት መስመር ላይ አይቆምምና ተራዬ ደርሶ ስወጣ ቲቸር ትከሻዬን ጥፍንግ አድርጎ ይዞ ከጎኑ ያቆመኛል። በአንደኛው ጊዜ ከሕዝቡ ውስጥ «ሶረቲ! ኢንታላ ኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ማለት ነው። ኦቦ ፉፋ ናቸው፣ የጎመን መኪናው ሾፌር! በቆሎ ሊጭኑ መጥተው ነው ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

እትዬ እንግዳወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱባቸው።

«ይውጡልኝ!»

«ልጅቷን ልያት ብዬ ነው እትዬ…»

«አይተዋታል! አሁን ይውጡ! የሚያለቅሱ ከሆነ መኪናዎ ውስጥ ያልቅሱ!»

እየገፉ፣ በጃንጥላ ጎናቸውን እየወጉ አስወጧቸው። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እትዬ ለምን እንደዚያ ጨከኑባቸው፣ ምናልባት ቦታ ተሻምተው ይሆናል አልኩ። ደግሞም ገረመኝ፤ ሰው ለኳስ እንዲህ ያለቅሳል? እንዲህ ጎበዝ ሆኛለሁ እንዴ? ኦቦ ፉፋ አዳዳን ሐኪም ቤት ያደረሱ፣ አምሽተው ያስታመሙ፣ ወሬውን እኔ እንዳልሰማ ተብሎ የተነገራቸው፣ ግን ሳያዩኝ ማለፍ ያልቻሉ ሰው ነበሩ።

ተሸነፍን። በመጨረሻው ዙር፣ በመጨረሻው ነጥብ። የግራኝን ኳስ አንስቼው ነበር፤ ዶርቃስ መረብ ውስጥ ከተተችው። ፊሽካው እንደተነፋ ልጆቹ ሁሉ መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ እያሉ አለቀሱ። ደራርቱ፣ ያቺ ውሻ የምታስጮኽ ደራርቱ፣ አቅፋኝ አንገቴ ውስጥ ገብታ ተንሰቀሰቀች። ቲቸር ለሊሳ እንኳን ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር።

የማላለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔማ ፈተናዬን አልፌያለሁ።

«አይዞሽ ደራርቱ» አልኳት ጀርባዋን እየደባበስኩ። «ምን ሆነሻል? ኳስ ነው እኮ! ለሚቀጥለው እናሸንፋቸዋለን። ዶርቃስ፣ አንቺም በቃሽ፤ ማንም አልሞተም!»

ይኼን ስል ደራርቱ ጮኸች። በእውነት ጮኸች። እኔም ካፒቴን መሆን እንዲህ ከባድ ነው እንዴ ብዬ አዘንኩላት። ሁሉንም አንድ በአንድ እየዞርኩ አጽናናሁ። ውሃ አጠጣኋቸው። ያን ቀን ለአዳዳ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ነው የተጽናናው።

በማግሥቱ ወደ አምቦ ጉዞ ሆነ። ማሊያውን አላወልቅም ብዬ ነበር፤ ማንም አልተቆጣኝም። ደራርቱ የመስኮቱን ቦታ ሰጠችኝ። ማንጎዎቼን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ፤ ፌስታሉ ስለተቀደደ አንዱን፣ የበሰለውን፣ እየላጥኩ መብላት ጀመርኩ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። እትዬ እንግዳወርቅ ከፊት ሆነው «እጃጂ ላይ አትቁም፤ ምሳ ጌዶ ነው» ሲሉት ሰማሁ።

«እትዬ፣ እጃጂ እኮ የአዳዳ አገር ነው! አክስቶቼን ሰላም ልበላቸው!» አልኩ።

«ሌላ ጊዜ» አሉ፣ ሳይዞሩ።

እጃጂን ልናልፍ ስንል ከመንገዱ ዳር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነጭ የለበሰ ብዙ ሰው ነበር። ጃንጥላ ተዘርግቷል፣ መዘምራን ይዘምራሉ፣ የተቆፈረው አፈር ቀይ ሆኖ ይታያል። የእኛ አገር ሾፌር የቀብር ቦታ ሲያልፍ ወግ ያውቃል፤ ሙዚቃውን አጠፋና ፍጥነቱን ቀነሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ማንም ልብ አይለውም።

«ፍጠን!» አሉ እትዬ እንግዳወርቅ። «ፍጠን በለው አንተ ለሊሳ!»

ደራርቱ በላዬ ላይ ተንጠራርታ መጋረጃውን ሳበችው። «ፀሐዩ አቃጠለሽ» አለችኝ። ፀሐይ አልነበረም፤ ደመና ነው። መጋረጃውን መልሼ ገለጥኩት። አፌ በማንጎ ሞልቶ፣ ጭማቂው በክንዴ እየወረደ፣

«ማን ሞቶ ይሆን?» አልኩ።

መኪናው ውስጥ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነበር። «ብዙ ሰው ነው የወጣለት፤ ጥሩ ሰው ነበር ማለት ነው» አልኩ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው እንደሚለው። ዶርቃስ ከኋላ መዝሙር ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። ኮረብታው ከኋላችን ቀረ። እኔም አብሬ ዘመርኩ፤ ዜማውን አውቀው ነበር።

አምቦ ስንደርስ አዳዳ ገና ሐኪም ቤት ናት ተብዬ እትዬ እንግዳወርቅ ቤት አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች ይገባሉ። ኦቦ ፉፋ አሉ፣ ቲቸር ለሊሳ አለ፣ ደራርቱም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሁሉም ያዩኛል። እኔ ቢጫውን ማሊያ እንደለበስኩ ተኝቼ ነበር። ገባኝ፤ ለማሊያው ነው የመጡት። በወጉ ሊነግሩኝ ነው።

«አጥቤ ነው የምመልሰው!» አልኩ ተነስቼ። «ቲቸር፣ አልፌያለሁ እኮ! እርስዎ ራስዎ አይተዋል፤ ሁሉንም አንስቻለሁ!»

ቲቸር አንገቱን ደፋ። ኦቦ ፉፋ ከፊቴ ተንበረከኩ፤ ትልቅ ሰው ፊቴ ሲንበረከክ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኢንታላ ኮ» አሉ። «ዘርትሁን አረፈች። አዳዳሽ አረፈች ልጄ።»

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እኔ ግን አልጮኽኩም። የፌስታሉን አፍ አየሁት።

«ማንጎውን ታዲያ ማን ይበላዋል?» አልኩ።

ስለ ለቅሶው አልነግራችሁም፤ ለቅሶ ሁሉ አንድ ነው። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ስላደረብኝ ነገር ነው። ሰዎች ምን እንዳደረጉ እያሰብኩ አንድ በአንድ መልሼ ቆጠርኩት። እንቁላሉ፣ ለካ እዝን ነው። ሹሩባው እዝን ነው። «ሶረቲ» ማለቷ እዝን ነው። ማሊያው መደበቂያ ነው። ስለዚህ ኳሶቹም እዝን መሆን አለባቸው አልኩ። አዝነውልኝ ነው እንጂ እኔ ምኑን ችዬ? ዳኛውም አዝኖልኝ ይሆናል። ማሊያውን አጥቤ መለስኩ፣ ሜዳ መሄድ ተውኩ፣ ቆይቶም ትምህርቱን ተውኩ፣ የአዳዳን ቦታ ያዝኩ። ቲቸር ለሊሳ ስንት ጊዜ መጣ፤ ጎመን ሸጬለት ሸኘሁት። የሚያዝንልኝ ሰው ፊት መጫወት አልፈለግሁም። ግን በየሌሊቱ ያቺ የመጀመሪያዋ ኳስ ክንዴ ላይ ስታርፍ ይሰማኛል፤ እውነት ነበረች ወይስ ሰጡኝ?

ባለፈው የገበያ ቀን ኦቦ ፉፋ ጎመን አራግፈው ሲጨርሱ ከአይሱዙው ጀርባ አንዲት ረጅም ሴት ብቅ አለች። ደራርቱ ናት። ጊንጪ አስተማሪ ሆና ነበር፤ አሁን ወደ አምቦ ተዛውራለች። ፊሽካ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ ጎመን!» አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ስለ ሰውም ስለ ዋጋም አወራን። ከዚያ ጎመን እየመረጠች፣ እያገላበጠች፣ «የሴቶች ቡድን አቋቁሜያለሁ፤ ሊቤሮ የለኝም። እሑድ ነይ» አለች።

«እኔ አልችልም።»

«ማን አለ?»

ለዓመታት አፌ ላይ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ወጣ። «ደራርቱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን ባኮ ላይ… አዝናችሁልኝ ነው አይደል? ሁላችሁም ታውቁ ነበር። የቻልኩት እናንተ ስለተዋችሁልኝ ነው አይደል?»

ጎመኑን በአንድ እጇ ይዛ አሰበች። ልታባብለኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች። «እንቁላሌን የሰጠሁሽ አዝኜ ነው። ጸጉርሽን የሠራሁት አዝኜ ነው፤ ያውም አላማረም። ለባኮዋ ግራኝ ግን ማንም አልነገራትም።»

ቀና አልኩ።

«ያቺ ልጅ ልትገድልሽ ነበር የምትመታው። አፍንጫሽን እየፈለገች ነበር እኮ! እሷ ምን ታውቃለች?»

አንዲት ደንበኛዬ መሐል ገብታ ዋጋ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ወደ እሷ ስዞር በዓይኔ ጥግ የደራርቱ ትከሻ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አየሁ። «ያዢ» የለም፣ ምንም የለም። ጎመኑ መጣ። እግሬ ቀድሞ ሄዷል።

«ኧረ ይሰነጠቃል!» አለች ደንበኛዬ።

«አይሰነጠቅም» አልኳት።